አባቴን ፍልስፍና የጀመረው ሰሞን

አባቴን ፍልስፍና የጀመረው ዝናቡ ሊያቆም አካባቢ ነው። እንዲህ ብላ የተናገረችው አክስቴ ናት፤ የአባቴ ታላቅ እህት። በራፉ ላይ ቆማ የጫማዋን ጭቃ እያራገፈች ለእናቴ በሹክሹክታ ነገረቻት። የአክስቴ ሹክሹክታ ደግሞ የሌላ ሰው ጩኸት ነው።

«ወንድሜን ፍልስፍና ጀመረው። ሳይብስበት አንድ ነገር አድርጊ እንጂ!»

እናቴ ድስት እየፈተገች ነበር። ድስቱ ከጸዳ ቆይቷል።

እኔ ያኔ ፊደል ቆጥሬ ጨርሼ ቃል ማንበብ የጀመርኩ ልጅ ነኝ። ፍልስፍና ምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። ግን ሰው ሲታመም ቤታችን ውስጥ የሚሆነውን አውቃለሁ፤ መጋረጃው ይወርዳል፣ ሾርባ ይሠራል፣ ጎረቤት ብቅ ይልና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዛሬስ እንዴት ነው?» ይላል። ይሄ ሁሉ እየሆነ ነበር። ስለዚህ አባቴ ታሟል፤ የበሽታው ስም ደግሞ ፍልስፍና ነው። ለአንድ ልጅ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ለብዙ አዋቂም ከዚህ ያነሰ ይበቃዋል።

ቤታችን ፊት ለፊቱ ሱቅ፣ ጀርባው መኖሪያ ነው። አባቴ መስታወት ቆራጭ ነበር። ከሱ ጋር የሚሠራው፣ አብሮንም የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ቀጮ ይለዋል፤ እኔም አጎቴ ብዬው አላውቅም፣ ቀጮ ነው የምለው። ቀጮ እንጀራ ፍለጋ ሩቅ ቦታ ሄዷል አሉኝ። እሱ የሄደ ሰሞን እኔ አክስቴ ቤት ነበርኩ። በድንገት መጥታ ነው ከትምህርት ቤት የወሰደችኝ፤ ስመለስ ቀጮ የለም፣ አባቴ ፂሙን አሳድጓል፣ አክስቴም ጥቁር ለብሳለች። «ጥቁር ምነው?» ብላት «እድፍ ይችላል» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ይችላል። አልጠራጠርኩም። ቀጮ ሳይሰናበተኝ መሄዱ ሊያሳዝነኝ ይገባ ነበር፤ ግን አላዘንኩም፤ አልተደሰትኩምም። ያን ሰሞን ጣቴን ስብርባሪ ቆርጦኝ ደሜ ወለሉ ላይ ሲንጠባጠብ ዝም ብዬ አየው እንደነበር ትዝ ይለኛል። የሌላ ሰው ጣት ይመስለኝ ነበር።

ስለ ሥራው ትንሽ ልንገራችሁ፤ አለዚያ የአባቴ በሽታ አይገባችሁም። ትንሽ መስታወት አንድ ሰው ይይዘዋል። ትልቁን ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ የቆዳ ጓንት አጥልቀው። መስታወቱ መሀላቸው ስለሆነ አንዱ የሌላውን እጅ ሁልጊዜ አያይም። ስለዚህ ይጠያየቃሉ። «ያዝክ?» ይላል አንዱ። «ያዝኩ» ይላል ሌላው። «ያዝኩ» ሳይባል ማንም ጣቱን አያነሳም። አባቴና ቀጮ ይህን ሲባባሉ ነው ያደግኩት። አንዳንዴ ምሳ ላይ ቀጮ ጨው ሲያቀብለው አባቴ ሳያስበው «ያዝኩ» ይል ነበር፤ እናቴም «የመስታወት ቤት ጨው!» ብላ ትስቃለች።

ሌላው ደግሞ፣ መስታወት ሲቆረጥ የመቁረጫው አልማዝ ነጭ ጋዝ ይነካና በማስመሪያው ልክ አንዴ ይሳባል። ጭርርር ይላል። ያንኑ መስመር ደግመህ ከሄድክበት መስታወቱ በራሱ መንገድ ይሰነጠቃል። ይህን ቀጮ ነው ያስተማረኝ። አባቴ ከታመመ ወዲህ ግን ይደግም ጀመር። ይስባል፣ ቀና ብሎ ያስባል፣ አጎንብሶ እዚያው ላይ ይደግማል። ከዚያ ጧ! እናቴ ከጓዳ መጥረጊያ ይዛ ትመጣለች። አትቆጣውም፤ ጠርጋ ትመለሳለች።

ደንበኛ ላይ ደግሞ ይብስ ነበር። አንዲት ሴትዮ የመስኮቷን ልክ በክር ለክታ መጣች።

«ልኩ ይሄ ነው?» አላት አባቴ።

«አዎ።»

«በምን ታውቂያለሽ?»

«ለክቼዋለኋ!»

«ስትለኪው ክሩ አልሳሳም? አልተሳበም?»

«እንዴ! ክሩን እኮ የያዝኩት ራሴ ነኝ።»

«የያዘ ሰው ሁሉ ያውቃል?»

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ ወለሉን አየሁ። «ኧረ ወንድሜ» አለችው «እኔ የመጣሁት ለመስኮት ነው፣ ፈተና ልቀመጥ አይደለም።» ክሯን ጠቅልላ ወጣች። አባቴ አልተናደደም። ማለፍ የነበረበትን ፈተና እሱ ራሱ የወደቀ ይመስል፣ ከባንኮኒው ኋላ ቁጭ ብሎ ባዶ እጁን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው።

በሽታው የሚፈወስበት ቀን እንዳለው የሰማሁት ከአክስቴ ነው። ሱቁ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ተደግፎ፣ ትልቅ መስታወት ቆሟል፤ የዳቦ ቤቱ ነው። አባቴና ቀጮ ቆርጠው ያስቀመጡት ነበር፤ ሳይገጠም ቀረ። የዳቦ ቤቱ ፊት በላስቲክ ተሸፍኗል፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ላስቲኩ ይንደቀደቃል፣ ባለ ዳቦ ቤቱም ከውስጥ ይራገማል። አክስቴ ለእናቴ እንዲህ አለቻት፦

«እስከ ቅዳሜ ይህን መስታወት ካልገጠመ ሱቁ ይዘጋ። ልጅቷ እኔ ጋ ትምጣና ትማር። እሱንም ትንሽ ዕረፍት... አንቺም ብታርፊ ምን አለበት? ሁሉም በዚያ ሰውዬ የመጣ ነው! ቀኑን ሙሉ እዚህ ተጎልቶ ሲያወራው እየዋለ!»

ያ ሰውዬ ማለት ፈላስፋው ነው። ከመንገዱ ጫፍ ብቻውን ይኖራል። ኮሌጅ ውስጥ ፍልስፍና ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ሰፈርተኛው ይወደዋልም ይቀልድበታልም፤ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ዳቦ ቤቱን አልፎት ሲሄድ ባለ ዳቦ ቤቱ በሩ ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ዳቦው በዚህ በኩል ነው!» እያለ ይጠራዋል። እንዲያ ሆኖ ግን ጤነኛ ነው። ይበላል፣ ይስቃል፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ነው። ይሄ ነገር ከነከነኝ። በሽታው ዕድሜ ልኩን አብሮት ኖሯል፤ አልሞተም። አባቴን ደግሞ እንዲህ አድርጎታል። ከሱ ተጋብቶበት ከሆነ መልሶ መውሰድም ያለበት እሱ ነው።

(ሌላው ለቅሶ ደርሶ ሲያበቃ ወደየሥራው ሄዷል። ፈላስፋው ግን ሳይቀር እየመጣ አባቴ አጠገብ ቁጭ ይል ነበር። «ተጎልቶ» ያለችው ይህን ነው። እኔ ይህን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው።)

ሄጄ በሩን አንኳኳሁ።

«ማን ልበል?»

«የመስታወት ቤቱ ልጅ ነኝ።»

ከፈተልኝ። ክፍሉ ውስጥ መጽሐፍ ሞልቷል፤ የሻይ ሽታ አለ፤ ወንበር ላይ የተሰጣ ካልሲ አለ። ካልሲውን አንስቶ ቁጭ በይ አለኝ። አልተቀመጥኩም።

«አባቴ ላይ ያጋቡትን ፍልስፍና መልሰው ይውሰዱ» አልኩት።

አልሳቀም። ይስቃል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። «እኔ ነኝ ያጋባሁት ያለሽ ማን ነው?»

«አክስቴ።»

«እሷስ በምን አው...» ብሎ ጀመረና ራሱ አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ ሻይ ቀዳልኝ፤ ስኳሩን አበዛው። «ሚጡ፣ እኔ አላጋባሁትም። ይሄ ነገር ከሰው ወደ ሰው የሚመጣ አይደለም። እኔ ስሙን ነው የማውቀው።»

«ከየት ነው ታዲያ የሚመጣው?»

ቁልቁል አየኝ። ለትንሽ ልጅ ምን ይባላል እያለ ሲፈልግ ይታወቅ ነበር። «ደረጃ ስትወርጂ» አለ «አንድ ደረጃ የቀረ መስሎሽ እግርሽን ሰደሽ፣ መሬት ሆኖ አግኝተሽው ታውቂያለሽ?»

«አዎ። ልቤ ስንጥቅ ይላል።»

«እሷ ናት! እዚያች ጋ ነው የሚጀምረው። ሰው ሲሄድ እግሩን አይጠይቀውም፤ ሲሠራም እጁን አይጠይቀውም። ደረጃው አለ ብሎ ይረግጣል። ያለው ደረጃ ሲጠፋ ብዙው ሰው ይደነግጥና፣ እግሩን አስተካክሎ መንገዱን ይቀጥላል። አንዳንዱ ግን እዚያው ይቆማል። ለመሆኑ ደረጃው እንዳለ በምን አውቄ ነው የረገጥኩት ይላል። መጽሐፉ ሁሉ...» በእጁ ግድግዳውን አሳየኝ «...የቆሙ ሰዎች የጻፉት ነው።»

«አባቴ ከደረጃ ወድቆ ነው?»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ስለነበር ሊወድቅ ሲል እኔ ገፋሁት። «አባትሽ አይደለም የወደቀው» አለ። ቀጥሎም «ቀጮ የት ሄደ አሉሽ?»

«ሩቅ። ሥራ።»

«እሺ» አለ። «ልክ ነው፣ ሩቅ ነው።»

አባቴ አልወደቀም መባሉ ለእኔ የምሥራች ነበር። የሰውዬውን ፊት ግን አልወደድኩትም፤ በማጋባቱ ያፈረ መሰለኝ። ዛሬ፣ እሱ ያኔ በነበረበት ዕድሜ ልደርስ ምንም ሳይቀረኝ፣ ያን ፊት ሳስታውስ ከዓለም ምሳሌ ሁሉ መርጦ ደረጃ ማንሳቱን ለራሱ እንዴት ይቅር እንዳለ አላውቅም።

«መልሶ መውሰድ ካልቻሉ እርስዎ እንዴት ነው የማይሞቱት?» አልኩት ስወጣ።

«ዳቦ እገዛለሁ፤ ካልሲ አጥባለሁ። ጥያቄው ወንበሩ ላይ ቁጭ ይላል፤ እኔ አጠገቡ እሠራለሁ። ነገ እመጣለሁ በይው።»

መጣ። እኔ ሊወስድለት መስሎኝ ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ ጠበቅኩ። ነገሩ ግን ሌላ ሆነ፤ እንዲያውም የሚያባብሰው መሰለኝ።

«ያዝኩ አለኝ እኮ» ይላል አባቴ። ድምፁ ውስጥ ለቅሶ የለም፤ የመስኮት ልክ እንደሚነግር ሰው ነው። «ማመንና ማወቅ አንድ ነው?»

«አይደለም።»

«እኔ አመንኩ። ማወቅ ነበረብኝ?»

«እንዴት አድርገህ?»

«እኔማ እሱን ነው የምጠይቅዎት! መምህር አይደሉ? ይህን ነበር አይደል የሚያስተምሩት?»

«መልሱ ቢኖረኝ እቤት አስቀምጬው እመጣ ነበር?» አለ ፈላስፋው።

በመጋረጃው ቀዳዳ ሳይ ፈላስፋው የተሰበረ መስታወት ከወለሉ በጣቱ እየለቀመ መዳፉ ላይ ይሰበስባል። አባቴ ያየዋል። ሐኪም ብዬ ያመጣሁት ሰው መጥረጊያ ሆነ ብዬ ተናደድኩ። አባቴን «ያዝኩ» ያለውን ሰው ማንነት ለመጠየቅ ግን አላሰብኩም። ለአባቴ ያን ቃል የሚለው አንድ ሰው ብቻ እንደነበር ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ባለ ዳቦ ቤቱ ዱቄት በዱቄት እንደሆነ ገባ። «እንግዲህ ጌታው፣ ታግሻለሁ፤ ዛሬ ካልሆነ ሌላ ሰው ልጥራ። ትናንት ላስቲኩ ሲንደቀደቅ የገባ ደንበኛ ቤቱ ሊፈርስ ነው ብሎ ዳቦውን ጥሎ ሮጠ።» አባቴ አንገቱን ነቀነቀ። ይሁን ማለቱ ይሁን አይሁን ማለቱ አልታወቀም። አክስቴ ልብሴን በሻንጣ ከታ ጨርሳለች። ሻንጣው በሩ ላይ ቆሟል። ሻንጣውን አየሁት፤ ምንም አልተሰማኝም፤ ብቻ ካልሲዬ መግባቱን ማረጋገጥ አማረኝ።

እናቴ ከጓዳ ወጣች። እጇን በቀሚሷ አበሰች። ከምስማሩ ላይ የቀጮን የቆዳ ጓንት አውርዳ አጠለቀች፤ ጣቶቹ ይረዝሙባት ነበር።

«ተነሳ» አለችው።

«አንቺ አትችይውም።»

«ተነሳ አልኩህ።»

«ሴትዮ፣ ከባድ ነው! ነፋስም አለ...»

«እኔ ያልያዝኩት ምን ከባድ ነገር አለ?» አለች እናቴ። ድምፅዋን አልጨመረችም።

ተነሳ። አክስቴ «በሞቴ፣ በሞቴ» እያለች ተከተለች፤ ሻንጣዬንም ይዛዋለች፤ ለምን እንደያዘችው እሷም የምታውቅ አይመስለኝም። እኔ ከፊት ከፊት እየሮጥኩ ከመንገዱ ላይ ጠጠር አነሳለሁ። መስታወቱ መሀላቸው ሆኖ ሲሄድ ሰማዩና የቤቱ ጣሪያ ሁሉ በውስጡ ያልፋል። ፈላስፋው ከዳቦ ቤቱ ሲወጣ አየን፤ ለአንዴ እንኳ ሳያልፈው ገብቶ ነበር። መኪና ሲመጣ መሀል መንገድ ገብቶ፣ ዳቦ በያዘ እጁ ቁም ብሎ አስቆመው። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ ሰደበው። ፈላስፋው በትሕትና ዳቦውን ዝቅ አደረገለት።

መስታወቱን አነሱና የታችኛውን ጠርዙን የመስኮቱ ማቀፊያ በሆነው ቴላዮ ላይ አሳረፉት። ቀጥሎ ያለው ሥራ ይህ ነው፤ አንዱ ከውጭ ብቻውን ደግፎ ይቆያል፣ ሌላው ለቆ በበሩ ዞሮ ይገባና ከውስጥ ይቀበላል። የሚለቀው አባቴ ነው።

«ያዝሽ?» አላት።

«ያዝኩ።»

አልለቀቀም።

«ያዝሽ?»

«ያዝኩ እኮ።»

እናቴ በጓንቱ ባዶ ጫፎች መስታወቱን ለማቀፍ ትታገላለች። ፀጉሯ ፊቷ ላይ ወርዷል፤ የምትሰበስብበት እጅ የላትም። አባቴ በመስታወቱ ውስጥ ያያታል። ባለ ዳቦ ቤቱ «ኧረ በፈጣሪ!» አለ። አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች።

«በምን አውቃለሁ?» አላት አባቴ።

እንደ ባለ ክሯ ሴትዮ ትመልስለታለች፣ ወይ እንደ ፈላስፋው ታስረዳዋለች ብዬ ጠበቅኩ። እናቴ ትንፋሽ እያጠራት፣

«አታውቅም» አለችው። «ልቀቅ።»

ፊቱ ላይ የሆነውን አላየሁም፤ ሰማዩ መስታወቱ ላይ አርፎ ጋርዶት ነበር። እጁን ግን አየሁት። መጀመሪያ ቀኙ ተነሳ፣ ከዚያ ግራው። መስታወቱ ቆመ። እሱ ዞሮ ገባ፤ ከውስጥ መዳፉን በሷ መዳፍ ትክክል ለጠፈው። ከዚያ መስታወቱን የሚያጣብቀውን ስቱኮ ጠየቀ፤ ባለ ዳቦ ቤቱ ራሱ አቀበለው።

አክስቴ ሻንጣዬን ይዛ ከመጣችበት ይዛው ተመለሰች። «ተሻለው» አለች ለሰፈሩ ሁሉ በሹክሹክታዋ። እውነትም ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ ለማንም ጥያቄ አላቀረበም። ርዝመቱ ስንት ነው፣ ስፋቱስ? ይህን ብቻ። አልማዙን አንዴ ይስባል፣ ይቆርጣል፣ ይሰጣል። ዕድሜውን ሙሉ እንዲያው ኖረ። ፈላስፋው እየመጣ መቀመጡን አልተወም፤ አባቴም ሻይ ያስቀዳለታል፤ ስለ ዝናብ ይጫወታሉ። እኔ ድኗል ብዬ ነው ያደግኩት። ዳነ የሚለውን ቃል አሁን ለመጻፍ ስል እጄ ይቆማል፤ በምትኩ የማስገባው ቃል ግን አላገኘሁም። መስታወቱ ግን ዛሬም እንደተገጠመ ነው።

ያን ቀን ማታ እራት ላይ ሁላችንም ነበርን። ትኩስ ዳቦና ሾርባ ቀርቧል። አባቴ ሁለት ሦስት ጊዜ ከጎረሰ በኋላ ወደ እኔ ዞረ። በዚያ ሰሞን ፊት ለፊት ሲያየኝ የመጀመሪያው ነው።

«ቀጮ አይመጣም» አለኝ። «ሞቷል። መስታወት ስናወጣ ደረጃ ላይ ነው። እኔ ከላይ ነበርኩ፣ እሱ ከታች። ያዝኩ አለኝ፣ ለቀቅኩት።»

«ልጅ ናት እኮ!» አለች አክስቴ።

እናቴ ማንኪያዋን አላስቀመጠችም።

አንድ ነገር እስኪመጣብኝ ጠበቅኩ። ሁሉም ያዩኛል፤ እነሱም ሳይጠብቁ አልቀሩም። ምንም አልመጣም። ሾርባው ሞቅ ያለ ነበር። ከእናትና አባቴ እግር ሥር በተነጠፈ ፍራሽ ላይ እተኛ ስለነበር ያን ጊዜ የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የቀጮ አልጋ ላይ እኔ ልተኛ?» አልኩት።

«ተኚ» አለኝ አባቴ። ጉርሻውን ውጦ ተነሳና አንሶላ ሊፈልግ ወደ ጓዳ ገባ።